መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም

አባቴ የሞተው እኔ ከቫሌንሲያ ወደ ግራናዳ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ ሳለሁ ነው። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። እኔ ከማወቄ በፊት ግን ማወቅ ያለበት ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ፣ ኦክላንድ ያለችው አክስቴ፣ ሳን ሆዜ ያለው አጎቴ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳይቀሩ። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ታላቋ ልጁ ደግሞ እኔ ነኝ።

ስፔን ምን ልትሠሪ ሄድሽ የሚለኝ ሰው እስካሁን አለ። ምንም ልሠራ አይደለም የሄድኩት። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ኦክላንድ፣ አፕታውን የሚባለው ሰፈር፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ሳመላልስ ነው የኖርኩት። ማታ ደግሞ ሌክ ሜሪት ከሚሉት ሐይቅ አጠገብ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ እተኛለሁ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርኩም። አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥም አልችልም፤ አክስቴ «ቂጥሽ ላይ ሚስማር አለ» ትለኛለች። የአሜሪካ ፓስፖርት ያወጣሁ ሰሞን ያለ ቪዛ የሚገባበትን አገር ስቆጥር፣ ዓይኔ ስፔን ላይ አረፈ። የሥራ ባልደረቦቼ ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ሆስቴል እያደሩ የተነሡትን ፎቶ ያሳዩኝ ነበር። እኔም እሄዳለሁ አልኩ።

የሳን ሆዜው አጎቴ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው። በሱዳን በኩል የመጣ ሰው ነው፤ ነገሩን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ።

«ማለት እኛ በነፃ የተንከራተትነውን አንቺ ከፍለሽ ልትንከራተቺ ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ያንተ ግን መታጠቢያ አልነበረውም።»

አክስቴ ደግሞ ስለ ሆስቴል ስነግራት ቡናዋ ትን አላት። ከማታውቂው ሰው ጋር? አንድ ክፍል ውስጥ? ስምንት ሆናችሁ? «ኧረ የኔ ልጅ፣ ይኸው ሶፋው። ሰባት ሰው ከመንገድ ጠርቼ አስኮርፍልሻለሁ። ብርሽን አታቃጥዪ።»

ቀልዱ ቀልድ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነበር፤ ፓስፖርት ያገኘ ሰው መጀመሪያ አገሩ ገብቶ አባቱን ይስማል እንጂ አውሮፓ አይዞርም። ይህን በግልጽ ያለኝ የለም፤ በዝምታ ነው ያሉኝ። እኔም ስላስጨነቀኝ አባቴን ራሱን ደውዬ ጠየቅኩት።

«አዲስ አበባን ማን ይወስዳታል?» አለኝ። «እኔም የትም አልሄድም። ሂጂና እዪ። ብቻ አውቶቡስ እንዳይቀርብሽ። በአውሮፕላን የዘለሉት አገር እንዳላዩት ነው።»

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ደሴ፣ ጎንደር፣ ጂማ፣ ሐረር። ልጅ ሆነን ሳምንቱን ሙሉ አናየውም፤ ሲመጣ ናፍጣና አቧራ ይሸታል። ሁለት ቀን ቤት ከዋለ ግቢውን ይዞራል፣ አጥሩን ይነቀንቃል፣ እናቴ በሕይወት ሳለች «ሂድ ወደ መኪናህ» ትለው ነበር። ሚስማሩ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ስፔንን ለሁለት ነው የዞርኳት። እኔ በእግሬ እዞራለሁ፣ ማታ ደግሞ በድምፅ መልእክት እሱን አዞረዋለሁ።

ባርሴሎና መጀመሪያ ያደርኩበት ሆስቴል የአዳሪ ትምህርት ቤት መኝታ ክፍል በሉት፤ ልዩነቱ ተማሪዎቹ ጠጥተው መግባታቸው ነው። ተደራራቢ አልጋ፣ የሚንሿሿ መሰላል፣ የእርጥብ ፎጣና የካልሲ ሽታ። እያንዳንዱ ሰው የብረት ሣጥን አለው፣ ጓጉንቸሩን ግን ራስሽ ነው የምታመጪው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቦርሳዬን አቅፌ ተኛሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ በጣም ደስ አለው። «መናኸሪያ ያደገ ሰው ዕቃውን ራሱ ሥር ነው የሚያደርገው» ብሎ መለሰልኝ።

ባሕሩ ዳር መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግተው ቦርሳና ጫማ የሚሸጡ ጥቁር ልጆች ነበሩ። አንዱ «ሲስተር» ብሎ ጠራኝና በየት በኩል እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «በአውሮፕላን» ስለው ከልቡ ሳቀ። ጓደኞቹን ጠርቶ ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ከብዶኝ ዋለ። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም። ለእሱ ደስ የሚለውን ነበር የምመርጥለት።

ደስ የሚለው አውቶቡስ ነው። ከባርሴሎና ቫሌንሲያ ስሄድ ሹፌሩ ብቻውን እንደነበር ነገርኩት።

«ረዳት የለውም?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ድንጋጤ ነበር። «ታዲያ ሻንጣውን ማን ይጭናል?»

«ራሳችን።»

«ቲኬቱንስ?»

«ስልካችን ላይ ነው፣ እሱ ያየዋል።»

«ታዲያ ሹፌሩ ከማን ጋር ይጫወታል?»

«ከማንም ጋር፣ አባዬ» አልኩት። «ዝም ብሎ ይነዳል።» ትንሽ አሳል ነበረው፤ እያሳለ «አይ ፈረንጅ» አለ። ወደ ግራናዳ ልሄድ ስል መንገዱ ተራራ መሆኑን ስነግረው፣ ጠመዝማዛውን ከደሴው መንገድ ከጣርማ በር ጋር አወዳድሬ እንድነግረው አዘዘኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው። ትልቅ ነገር አልተናገረኝም። ጣርማ በር ነው ያለኝ።

ግራናዳ እንደገባሁ ጠመዝማዛው ከጣርማ በር እንደማይደርስ፣ መንገዱ ሰፊና አጥር ያለው እንደሆነ፣ አንድም አህያ እንዳላየሁ ነገርኩት። መልእክቱ ሄደ፤ አልተከፈተም። በማግስቱ ወደ ግራናዳው ቤተ መንግሥት ወጣሁ፤ ቲኬቱ አስቀድሞ የሚያዝ መሆኑን ስላላወቅኩ ከውጭ ግንቡን ብቻ አይቼ ወረድኩ። ይህንንም ላኩለት፤ ያስቀዋል ብዬ። አልተከፈተም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ስልኩ ውኃ ገብቶበት ነው» አለኝ። ታዲያ ባንተ ስልክ አገናኘኝ ስለው «ተኝቷል» አለ። ከቀትር በኋላ ነበር በእነሱ። አባቴ ቀን አይተኛም፤ አውቶቡስ ነጂ ቀን ከተኛ ሰው ይገድላል እያለ ነው ያሳደገን። አክስቴ ጋ ስደውል ደግሞ «ጠበል ሄዷል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም» አለችኝ። አባቴና ጠበል። ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅኩም።

ውሸቱ አይደለም ያስፈራኝ። ውሸት በእኛ ቤት የተለመደ ነው፤ ሐኪም የተናገረውን፣ የኪራይ ጭማሪውን፣ ሥራ መልቀቅን ሁሉ እንዋሻለን። ያስፈራኝ ደግነቱ ነው። ከኦክላንድ ስነሣ ጀምሮ በየቀኑ ስትጨቀጭቀኝ የነበረችው አክስቴ፣ ድንገት መጨቅጨቅ ተወች። «ዙሪ የኔ ልጅ፣ እዪ፣ ደስ ይበልሽ» አለች። ደስ ይበልሽ! የሳን ሆዜው አጎቴ፣ በሕይወቱ ደውሎልኝ የማያውቀው ሰው፣ ከግራናዳ ቀጥዬ ሴቪያ በገባሁ ዕለት ደወለ። ገንዘብ አንሶሽ እንደሆነ አለን አለ። ምግቡ ተስማማሽ ወይ አለ። ከዚያ፣ እንደ ዋዛ፣ «አጠገብሽ ሰው አለ?» አለኝ።

«ስምንት ሰው አለ» አልኩት።

«የሚያውቅሽ ሰው ማለቴ ነው።»

«የለም።»

«እሺ። እሺ በቃ። ተዝናኚ።»

በእኛ ዘንድ መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። የሞተበት ሰው ቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል። ሲነጋጋ ሰው ተሰብስቦ ይመጣል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ራሱን እንዳይጥል ይይዙታል። የሚይዘው ሰው በሌለበት የነገረው ሰው ይወቀሳል። ይህን ሕግ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ ለሌሎች ሲደረግ በአጥር ቀዳዳ አይቻለሁ። ስለዚህ «አጠገብሽ ሰው አለ?» ሲለኝ፣ አልነገረኝም፤ ግን ነገረኝ።

የሆስቴሉ ግቢ መሐል ትንሽ ምንጭ ነበረች፤ ልጆች ቢራ ይዘው ካርታ ይጫወታሉ። እዚያ ተቀምጬ የአጎቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። እሷ ሳን ሆዜ ነው የተወለደችው፤ ገና ሃይስኩል ናት። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፣ መዋሸትም ገና አልተማረችም።

«አባዬ ሞቷል፣ አይደል?» አልኳት።

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«አይ ካንት»፣ አልችልም፣ አለች በመጨረሻ። ቀጥላ በእንግሊዝኛ፣ ብቻሽን ነሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

«ዜን አይ ካንት»፣ እንደዚያ ከሆነ አልችልም፣ አለችና አለቀሰች።

አንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሳትስት መጨረስ የማትችል ልጅ ሕጉን ግን ከነምክንያቱ ታውቀዋለች። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። አጽናናኋት። እኔ ነኝ እሷን ያጽናናኋት።

ሆስቴል ውስጥ ጮኾ ማልቀስ አይቻልም። ክፍሉ ውስጥ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው የተኙ አሉ፣ ኩሽናው ውስጥ ፓስታ የሚቀቅሉ አሉ፣ ደረጃው ላይ ከፍቅረኛዋ ጋር በስልክ የምትጣላ አለች። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ውኃው በቁልፍ ነው የሚመጣው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫኑታላችሁ፣ ትንሽ ይፈስና ይቆማል፣ እንደገና ትጫኑታላችሁ። ውኃው ሲፈስ አለቅሳለሁ፣ ሲቆም አፌን እይዛለሁ። አባቴን ያለቀስኩት እንዲህ ነው፤ በየመሐሉ ቁልፍ እየተጫንኩ። አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩ። «ግራሲያስ» ብዬ በቋንቋቸው ምስጋናም ጨመርኩ፣ ጨዋ ነኝና።

ማድሪድ ስደርስ አንድ ነገር ጭንቅላቴን ይዞት ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ከኦክላንድ ይልቅ በጣም ቅርብ ነው። ቲኬቴን ቀይሬ ልሄድ እችላለሁ። ቢነግሩኝ ኖሮ ያኔውኑ ከግራናዳ እሄድ ነበር። አክስቴ ጋ ደወልኩና እንደማላውቅ ሆኜ «ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ብሄድስ? ቅርብ ነው» አልኳት።

ከበስተጀርባዋ የሥራ ቦታዋ ድምፅ ይሰማል፤ እዚያው ኦክላንድ አጠገብ፣ በርክሌ፣ አረጋውያንን የምትንከባከብበት ቤት ነው የምትሠራው። የሆነ ማሽን ጢጥ ጢጥ ይላል።

«አይሆንም» አለች። «መጀመሪያ ቤት ነይ። አብረን እንሄዳለን።»

«መቼ?»

«ነይ ብቻ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እባክሽ ብቻሽን አትሂጂ።»

በሕይወቷ እባክሽ ብላኝ አታውቅም። ቀብሩ በሞተ ማግስት እንደተፈጸመ ገባኝ። ቀብር ማንንም አይጠብቅም። ብሄድ የማገኘው ድንኳን የተነሣበት ግቢ ነው፤ በሩን የሚከፍትልኝ ደግሞ የሚደርስብኝን ፈርቶ የሚጠብቀኝ ወንድሜ። አልሄድኩም። የፈራሁትም ይሁን የታዘዝኩት፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ወደ ኦክላንድ ስመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ የምናገረውን አጠናሁ። እኔ ሕፃን አይደለሁም፤ አባቴ ነው፤ እናንተ ማን ናችሁና ትደብቁኛላችሁ፤ ለሰው ሐዘን ማን ቀጠሮ ያዙ አላችሁ። ቃል በቃል አጥንቼዋለሁ። ጥሩ ንግግር ነበር።

ኤርፖርት አክስቴና አጎቴ ቆመው ጠበቁኝ። አክስቴ ማንንም ኤርፖርት ሄዳ አትቀበልም፤ «ባርት አለ አይደል፣ ባቡሩ?» ነው የምትለው። ብርቱካናማ ሻርፕ አድርጋለች። ከንፈሯን ቀለም ተቀብታለች። አቅፋ ሳመችኝና ረጅም ሰዓት አልለቀቀችኝም። መኪና ውስጥ ስለ ትራፊክ አወራን። ድልድዩ ላይ ስለነበረ አደጋ አወራን። እኔም ስለ ቫሌንሲያ ሩዝ አወራሁ። ሦስታችንም ስለ አባቴ አንዲት ቃል አልተነፈስንም፤ እንዳንነካው ተጠንቅቀን ዙሪያውን ሄድን። ቤት ስንገባ ፍሪጁ በሌላ ሰው ድስቶች ተሞልቷል፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል። አክስቴ ኮቷን ሰቀለችባቸው፣ እንዳላያቸው።

ሊነጋጋ ሲል የመኪና በሮች ሲዘጉ ሰማሁ። ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ንግግሬ አፌ ላይ ነው።

ከሁሉ ፊት የገቡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው በርክሌ አስተማሪ ሆነው ጡረታ የወጡ። እዚህ አካባቢ መርዶ ሲኖር እሳቸው ናቸው የሚጠሩት፤ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። ከኋላቸው አጎቴና ሚስቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ያቺ ልጃቸውም ዓይኗ አብጦ።

«ደህና ገባሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ፣ ጋሼ።»

አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኜን ያዙ። አፌን ልከፍት ስል አክስቴን አየኋት። መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። ብርቱካናማውን ሻርፕ አውልቃ በጥቁር ነጠላ ተጠቅልላለች፤ እጇ የነጠላውን ጫፍ ጨምድዶ ይዞ ይጠብቃል። እኔን አልነበረም የምታየው። የሽማግሌውን አፍ ነበር። ሩጫ ሊጀምር ፉጨት እንደሚጠብቅ ሰው።

ንግግሬን ዋጥኩት።

«መቼም ሰው ሆኖ የማይሄድበት መንገድ የለም» አሉ ሽማግሌው። «አባትሽ አርፈዋል።»

የማውቀውን ነገር ስሰማ እንደማላውቀው ሆነብኝ። ከእኔ ቀድማ የጮኸችው ግን አክስቴ ነበረች። ደረቷን እየመታች፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው በልጅነት ስሙ ጠራችው። ሴቶቹ እኔን ለቀው ወደ እሷ ሮጡ።

ወንበሮቹ ተዘረጉ፣ ሰው መጣ፣ ሄደ። ከቀናት በኋላ፣ ለቅሶው ሲቀንስ፣ አክስቴ እንደገና ሥራ ልትጀምር በርክሌ ስትሄድ አብሬያት ወጣሁ፤ መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ቀይ መብራት ያዘን።

«ታውቂ ነበር» አለችኝ መንገዱን እያየች።

«ከሴቪያ ጀምሮ።»

«ኤርፖርት ሳይሽ ገብቶኛል። ስለ አባትሽ አልጠየቅሽኝም።»

«እያወቅሽ ታዲያ ለምን ሰው ሰበሰብሽ፣ እትዬ? እዚያው ተቃቅፈን አናለቅስም ነበር?»

መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔ በስልክ ነው የሰማሁት» አለች። «ሥራ ላይ። የአንዷን አሮጊት አልጋ እያነጠፍኩ። ወንድምሽ ደወለ፤ ምን ያድርግ፣ ለአንድ ሰው መንገር አለበት። ‹ኦኬ› አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። አንሶላውን አንጥፌ ጨረስኩ።»

«ለምን ቤትሽ አልሄድሽም?»

«ቤት ማን አለ? አንቺ እስፔን ነሽ። ካለቀስኩ ይሰማል፣ ከተሰማ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ አንቺ ደግሞ የማንም ሰው አልጋ ላይ ብቻሽን ታነቢዋለሽ። አንቺን ሊያረዱ ሲመጡ እግረ መንገዳቸውን እኔንም ያርዱኝ ብዬ ነው። ወንድሜ እኮ ነው።»

ከሴቪያ እስከ ኦክላንድ አባቴ ሞተ፣ አባቴ ሞተ እያልኩ ነው የመጣሁት። ወንድሟ መሞቱን አንድ ጊዜም አላሰብኩትም።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያሉት ጥሩንባ ነፉ። አክስቴ አልነቃነቅ አለች። እጄን ዘርግቼ ሁለቱንም ፍሬቻ አበራሁና፣ ቀበቶዬን ፈትቼ ያዝኳት።